ከስፌት እስከ ስፌት

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የኡበይድ ላቫጆ አለ። እኔ አጥሩ ሥር ሻይና ሳምቡሳ እሸጣለሁ። ማሪቱ እባላለሁ፤ ስለ እኔ ይሄ ይበቃል። ወሬው የገብረየስ ነው።

ገብረየስ የመኪና ውጪ አያጥብም። ጎማ አይነካም፣ የውሃ ጎማ አይዝም። እሱ የውስጥ ሰው ነው። በተለይ ደግሞ ያ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይዘውት የመጡት ፀጉራም ጨርቅ አለ አይደል? ወንበሩ፣ በሩ፣ ጣሪያው ላይ የሚለብሱት። እሱ የገብረየስ ነው። ቆዳ ይመስላል፣ ቆዳ አይደለም። ጨርቅ ይመስላል፣ እንደ ጨርቅ ካጠባችሁት አለቀለት። ባለመኪኖቹ ሱዊድ ይሉታል። እኛ ላቫጆ ውስጥ ኮክ ነው የምንለው፤ ስትነኩት ልክ የኮክ ልጣጭ ነዋ። በዚህ በኩል ስትዳብሱት ይነጣል፣ በዚያ በኩል ስትዳብሱት ይጠቁራል።

ኮክ ውሃ አይፈስበትም። ሳሙናው ባልዲ ውስጥ ይመታና አረፋው ብቻ ይወሰዳል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይዞራል፣ በተጨመቀ ጨርቅ ይነሳል፣ በደረቅ ጨርቅ ይመጠጣል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ከዛ ፀጉሩ ተበጥሮ ይቆማል። ዋናው ሕግ ግን ሌላ ነው። ከስፌት እስከ ስፌት። አንዱን ቁራጭ ከጀመርክ ስፌቱ ጋ ሳትደርስ እጅህን አታነሳም። መሃል ላይ ከተውከው አረፋው በቆመበት ይደርቅና ቢጫ መስመር ይሰራል፤ ልጅ ሸንቶ ፍራሽ ላይ የሚስለው ካርታ ነው የሚመስለው። ያ ካርታ ደግሞ እንኳን በሳሙና በፀበልም አይለቅ።

የሚመጣው ሰው መቼም አይነቱ ብዙ ነው። አንዷ መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ገብርዬዬ፣ ተደፋብኝ እኮ! ግን ማኪያቶ ነው፣ ሻይ አይደለም" ትላለች፤ ማኪያቶ ሲደፋ ክብር ያለው ይመስል። አንዱ ኮንትራክተር ደግሞ ሆዱን ከመሪው እየጎተተ ይወርድና፣ "ስማ! ይቺ መኪና ከሚስቴ በላይ ናት! ገባህ? ከሚስቴ!" ይላል። ሚስቱ ጋቢና ቁጭ ብላ።

ገብረየስ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። "እሺ።"

ቢሰድቡት እሺ፣ ቢያመሰግኑት እሺ። ኡበይድ አንድ ቀን እያለቀሰ መጥቶ "እናቴ ሞተች" ሲለው፣ "እሺ" አለው። ኡበይድ እንባውን ትቶ አፈጠጠበት። "እሺ? እናቴ ሞተች እኮ ነው የምልህ!" ገብረየስ ትንሽ አሰበና "ሰምቻለሁ" አለ። ግን ለቅሶው ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ የሚያውቁት። ታላቅ ወንድሙ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሱ ደግሞ ረዳት ሆነው ጅቡቲ መንገድ ላይ ይሰሩ ነበር። እንዴት እንደሚጮህ፣ እንዴት እንደሚያስቅ፣ ሹፌሮቹ እስካሁን ያወሩታል። አንድ ቀን መኪናው ተገለበጠ። ወንድሙ እዛው ጎኑ ሞተ። እሱ ጭረት እንኳን የለበትም። ሰው ሁሉ እየመጣ "እንኳን ተረፍክ" ሲለው "እሺ" አለ፤ ከዛ ወዲህ እሺ ላይ ቀረ።

ሚስቱ ሙሉዬ መጀመሪያ ታገሰች። ፀበል ወሰደችው፣ ዘመድ ሰብስባ አስመከረችው። መጨረሻ ላይ በር ላይ ቆማ ጎረቤት እየሰማ፣ "እኔ ከሰው ጋ ነው መኖር የፈለግኩት፣ ከቁምሳጥን ጋ አይደለም! ቁምሳጥን እንኳን ሲከፍቱት ሲጢጥ ይላል!" አለች። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ትንሽ ልጃቸውን፣ ያኔትን፣ ይዛ ሱሉልታ እናቷ ቤት ገባች። እዛው ኦቦ ሌንጂሳ የሚባል ላሞች ያሉት፣ ደርባባ ሰው አገባት፤ ያኔትንም እንደ ልጁ አሳደጋት። ገብረየስ አልተጣላም፣ አልከሰሰም፣ አላኮረፈም። ሊያያቸውም አልሄደም። በቃ፣ አልሄደም።

እንግዲህ የያኔትን ወሬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ከሱሉልታ ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ገብረየስ የአንዱን መኪና በር ይዞ ሲበጥር ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

"ያኔት ልታገባ ነው አሉ።"

"እሺ።"

"ልጁ የሰበታ ነው። ጌዲ ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ነው ሥራው፣ ጭምት ነው አሉ።"

"እሺ።"

ትሪዬን ይዤ ዞርኩ። ከበር ጋር ምን አወራለሁ?

"ማሪቱ።"

ደነገጥኩ። እኔ እኮ እስከዛን ቀን ስሜ "ሻይ" ይመስለዋል ብዬ ነበር የማስበው።

"ቅቤውን ማን ይቀባታል?" አለኝ።

እኛ አካባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የኦሮሞዎቹ ወግ ነው፤ ተጋብተን ተዋልደን ሁላችንም ወስደነዋል። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባቷ ለጋ ቅቤ በመዳፉ ይዞ አናቷ ላይ ያደርግላታል፣ ይመርቃታል። ድግሱ ቢያንስ ይቻላል፣ ዲጄው ቢቀር ይቻላል። ቅቤው ግን የአባት ነው።

"አባቷ ነዋ የሚቀባት" አልኩት። "አባቷ አይደለህ?"

"ካልተጠራሁስ?"

"ካልተጠራህማ ኦቦ ሌንጂሳ ይቀባታል። ራሷን ደረቅ አርጋ አትወጣ!"

"እሺ" አለ። ይሄኛው እሺ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው።

ከዛን ቀን ጀምሮ እጁ ይሰራል፣ ዓይኑ በር በሩን ነው። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር አንገቱ ይዞራል። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ኡበይድ እንኳን "ምን ጠፍቶበት ነው በሩን የሚያየው?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለጎሚስታውም ነገርኩት። ለማን ያልነገርኩት አለ!

ደግሞ ተጠራ እኮ! ለካ ያኔት እናቷን "የወለደኝ ሳይቀባኝ ከቤት አልወጣም" ብላ ይዛታል። ኦቦ ሌንጂሳም "እውነቷን ነው" ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው ጋሽ ኪዳነወልድ ነበሩ፤ ጥቁር ጃንጥላ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ሲናገሩ እያንዳንዷን ቃል እንደ ስጋ ዘልዝለው የሚያወጡ።

የመጡበት ሰዓት ግን! ገብረየስ ጣሪያ ይዟል። የኮክ ጣሪያ ማለት አንድ ቁራጭ ነው፤ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ መስታወት ስፌት የለውም። አረፋውን አሁን ገና አዳርሶታል። ወንበሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከመኪናው ውጪ የሚታየው ከወገቡ በታች ብቻ ነው።

"ጤና ይስጥልን" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ ለእግሩ።

"አብሮ ይስጥልን" አለ ድምፁ ከውስጥ።

"ገብረየስ አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ከሱሉልታ ነው አመጣጣችን። ከእነ ሙሉዬ ቤት። ስለ ልጅህ ጉዳይ።"

ብሩሹ ሽው ሽው ይላል።

"ቆዩኝ አባቶቼ፣ ይደርቅብኛል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሽማግሌ ሲመጣ መቼም ታውቃላችሁ፤ ታመህ ብትተኛ እንኳን ትነሳለህ። ጠላትህ የላከው ሽማግሌ ቢሆንም ትነሳለህ። ተነስተህ፣ ጉልበት ስመህ፣ "ተቀመጡ" ትላለህ፤ እነሱ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ፤ አንተ ትለምናለህ፤ ወጉ ይሄ ነው። የእኛ ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ ጣሪያ ያሻል።

"ምኑ ነው የሚደርቅበት?" አሉ አንደኛው።

ሳምቡሳዬን ዘይት ላይ ጥዬ ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ጣሪያ ይዞ ነው! መሃል ላይ መተው አይችልም!"

"ጣሪያ?" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። "እኛ ቆመን እሱ ጣሪያ ይዟል?"

ኡበይድ የፕላስቲክ ወንበሮች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ መጣ። "ቁጭ በሉ አባቶቼ፣ ለስላሳ ላምጣላችሁ? ቀዝቃዛ አለ!"

"ባለጉዳዩ ሳይነሳ ማን ይቀመጣል!"

ይባስ ብሎ ማካፋት ጀመረ። ጋሽ ኪዳነወልድ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ የገብረየስን እግር አዩ። ከዛ ዞሩ። ሁለቱም ተከተሏቸው። እኔ እስከ በር እየለመንኩ ሸኘኋቸው፤ ማን ይስማኝ!

ገብረየስ ኋላ መስታወቱ ጋ ደርሶ ሲወጣ ጣሪያው እንደ ጥጃ ጀርባ ተበጥሮ ተኝቷል። እጁን እየጠረገ ዙሪያውን አየ።

"የት ሄዱ?"

"ሄዱ! ተቀይመው ሄዱ! ሩጥ፣ ታክሲ ጋ ናቸው!"

ታክሲው አልሞላም፤ ረዳቱ "ዊንጌት! የሞላ ዊንጌት!" እያለ ይጮሃል፣ የጋሽ ኪዳነወልድ ጃንጥላ በመስኮት ይታያል። ገብረየስ አየው። አየው አየውና፣ "የኋላ ወንበሩ ቀርቷል" ብሎ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ጭኔን መታሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሱሉልታ ላይ ምን ተብሎ እንደተወራ ወተቷ ሴትዮ አምጥታልኛለች። ጋሽ ኪዳነወልድ ሰው ፊት ቆመው፣ "ከርቀት ሄደን፣ ዝናብ መቶን፣ መቀመጫውን አሳይቶ ሰደደን!" ብለዋል። ሙሉዬ "እኔ ቁምሳጥን ነው ብዬ ነበር" ብላለች። ያኔት ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም።

ቅዳሜ ሰርጉ ነበር። ገብረየስ እንደ ሁልጊዜው ሰራ። ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ወስጄለት "ዛሬ ነው" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ፤ ስኳሩን ሳያማስል ጠጣው።

እሁድ ጠዋት ከሊፋ መጣ። ከሊፋ አባቱ ሱቅ ያላቸው፣ እሱ ደግሞ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪናውን ለሰርግ የሚያከራይ ልጅ ነው። መኪናው ላይ ሪባኑ እንኳን አልተነሳም። ገና ሳይወርድ ጩኸቱ ቀደመው።

"ገብርዬ፣ አለቅኩልህ! ቅቤ! ኮኬ ላይ ቅቤ! 'እህቴ፣ እባክሽ እንዳትደገፊ' ብያታለሁ። ሚዜዎቹ ናቸው፣ 'ደከመሽ አይደል፣ ጋደም በይ' እያሉ ያስደገፏት! እነሱ ናቸው የደከሙት? አሁን መልስ አለ፤ ሰበታ ሄጄ ሙሽሮቹን አንስቼ በአሥር ሰዓት ሱሉልታ መግባት አለብኝ!"

እውነቱን ነው። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ፣ አናት የሚያርፍበት ቦታ፣ ቅቤውን ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የራስ ቅርፅ ይዟል።

እኔ ግን ሰበታና ሱሉልታ የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። "ሙሽሪት ማን ትባላለች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ቪዲዮ አለ፣ እይ።" ስልኩን አወጣ።

ሦስታችንም አንገታችንን አስገባን። ሱሉልታ ነው፣ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት። ኦቦ ሌንጂሳ ነጭ ለብሶ፣ ባርኔጣ አርጎ፣ ከእንጨት ሳህን ቅቤውን በመዳፉ ያነሳል። ሙሽሪት ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ቁርጥ ሙሉዬን! ጥርሱ ሞልቷል፤ መቼም አድጋለች። ኦቦ ሌንጂሳ "ሆራ ቡላ!" ብሎ ሲመርቅ ሕዝቡ "አሜን" ይላል፣ እልልታው ስልኩን ይሰነጥቀዋል።

ገብረየስ እስከ መጨረሻው አየና ስልኩን ለከሊፋ መለሰ።

"ብዙ ነው የቀባት" አለ።

ከዛ ማንኪያ አምጥቶ የረጋውን ቅቤ በጠርዙ ቀስ እያለ ፋቀ። የሕፃን ፓውደር በተነበት፣ ቅቤውን እንዲጠጣለት። ፓውደሩን አራገፈ፣ ደግሞ በተነ፣ ደግሞ አራገፈ። ባልዲው ውስጥ ሳሙና መታ። አረፋውን በእፍኙ አንስቶ መደገፊያው ላይ አዳረሰው። ብሩሹን ያዘ። የሌላ ሰው ልጅ ቅቤ ቢሆን ከዚህ የተለየ አያደርግም ነበር።

ከሊፋ እኔን አየኝ። "ምን ሆናችኋል? ምን አለ?"

በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ጣሪያውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጃንጥላውን፣ ቁምሳጥኑን።

"ወላሂ?" አለ ከሊፋ። "የሱ ልጅ ናት?"

"አዎ!"

"ልደውል?"

"ምን ትጠይቀኛለህ? ደውል እንጂ!"

ሙሽራውን አገኘውና ድምፁን ከፍ አደረገው። "ጌዲ፣ ሙሽራው! ሚስትህን ስጠኝ እስቲ... አይ፣ መኪናው ደህና ነው፣ ስጠኝ ብቻ።"

"አቤት?" አለች።

"እንዴት ነሽ ሙሽሪት፣ ከሊፋ ነኝ፣ ባለመኪናው። አባትሽ ጋ ነኝ።"

"ሱሉልታ ደረስክ እንዴ?"

"አይ... ሌላኛው ጋ።"

ከጀርባዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

"አቅርብልኝ" አለች።

ከሊፋ ስልኩን በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ዘረጋ። ገብረየስ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ ከመደገፊያው ግማሽ ደርሷል፣ ግማሹ ነጭ አረፋ ነው። ስልኩን አየው፣ አረፋውን አየው።

"ይደርቅብኛል" አለ።

"ሰማሁት" አለች ያኔት። "እነሱንም እንደዚህ ነው ያሏቸው አይደል? እኔ እኮ ጋሽ ኪዳነወልድ ዋሽተው መስሎኝ ነበር።"

ከሊፋ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ኡበይድ እንኳን የማጠቢያውን ሞተር አጥፍቶ መጥቶ ቆሟል።

ገብረየስ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ከተተው። ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ፣ ሁለት እግሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን ወሰደ።

"ተነስቻለሁ" አለ።

የሳህኑ ኳኳታ ራቀ።

"እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"አሥር ሰዓት ላይ ሱሉልታ ይምጡ። ቅቤ ይኖራል።"

"እሺ።"

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይዞት ቆመ። ከሊፋ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደለትና ወደ መኪናው አንገቱን አስገባ። "ዋይ! ካርታ! ካርታ ሰራ እኮ!" አለ። ትንሽ ተብሰለሰለ፣ ገብረየስን አየ፣ እኔን አየ። "ግድ የለም። ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። ጥበብ ያለው፣ ያምራል እንዲያውም።" እየተነጫነጨ ወደ ሰበታ ነዳ።

ኡበይድ ላቫጆውን ዘጋ፤ አሮጌ ኮሮላውን አስነሳ። እኔ ሳልጠራ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ እንዴ?

በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሽቅብ ስንወጣ ገብረየስን ላለማምደው አልኩ። "እኔ ጋሽ ኪዳነወልድ ነኝ እንበል" አልኩት፣ ድምፄን ወደ ሆዴ አውርጄ። "'አንተ! መቀ...መጫህን አሳይተህ ሰደድከን!' ብዬሃለሁ። ምን ትላለህ?"

"እሺ።"

"እሺ አይባልም ወንድሜ! 'አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ' ነው የሚባለው!"

"እሺ።"

ኡበይድ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

እነ ኦቦ ሌንጂሳ በር ላይ ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፣ ጋሽ ኪዳነወልድ መሃል። ገብረየስን ሲያዩ ወሬው ቆመ። እሱ በሩ ጋ ቆሞ ዙሪያውን ሲያማትር ቆየ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል፤ ይሄንን ማንም አላስታወሰውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ጎንበስ ብሎ ጥግ ላይ ያገኘውን ትልቅ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ።

ድንጋዩ ግን የድንኳኑ ገመድ የታሰረበት ነበር። ገመዱ ሾልኮ ወጣ፣ ድንኳኑ በአንድ በኩል ዘመመ፣ ላስቲኩ ዲጄው ራስ ላይ ወረደ።

"ኧረ ድንጋዩን መልስ! ቤት ሊደረመስብን ነው!" አለች ሙሉዬ ከውስጥ።

ገብረየስ አልመለሰም። ጋሽ ኪዳነወልድ ፊት አጎንብሶ ቆመ። ሦስት ጎረምሶች ምሰሶውን ይዘዋል።

"ምን ነበር ያን ቀን የደረቀብህ?" አሉት ጋሽ ኪዳነወልድ።

"አረፋው። መሃል ላይ ከተተወ ካርታ ይሰራል።"

"እና?"

"ዛሬ ተውኩት።"

"ካርታ ሰራ?"

"ሰራ።"

ሽማግሌው ፂማቸውን አሹ። ግራ ቀኛቸውን አዩ። ከዛ ከወንበራቸው ተነሱና ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በሁለት እጃቸው አወረዱለት፤ ከብዷቸው ነበር፣ እግራቸው ላይ ሊጥሉት ነበር። "በሉ ድንኳኑን እሰሩ" አሉ።

ኦቦ ሌንጂሳ ሳህኑን ይዞ መጣ። "ኮቱ፣ ና ገብረየስ" አለው። "እኔ የቀባሁት የቤቴን ነው። ያንተ ቀርቷል።"

ያኔት ከጌዲ ጋር ስትገባ ሰው እልል አለ። እሷ ሰላም አላለችም። አባቷ ፊት መጥታ ጎንበስ አለች፣ በቃ። ገብረየስ በሌባ ጣቱ ጫፍ ትንሽ ቅቤ ነካ አደረገ፣ አናቷ ላይ አሳረፋት፣ መጀመሪያ ፀጉሯ በተኛበት በኩል፣ ከዛ ደግሞ በተቃራኒው ቀስ እያለ አሻት።

"ኧረ በእግዜር!" አለች ሙሉዬ። "ልትቀባት ነው ልታጥባት?"

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ያኔት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አጎንብሳ ስለነበር አላየሁም። ገብረየስ ይሄኔ እፍኙን ሙሉ አነሳ። አናቷ ላይ ቆለለውና ቆመ። ሁሉም "አሜን" ሊል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ምርቃት አይመጣም።

"ጤና ሁኚ" አለ በመጨረሻ።

"አሜን!"

"ልጅ ይስጥሽ።"

"አሜን!"

አለቀበት። ኦቦ ሌንጂሳ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ "ሆራ ቡላ በል፣ ርቡ፣ ክበሩ ማለት ነው" አለው። "ሆራ ቡላ" አለ። "አሜን!"

ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ወረደ። "ዓይኔ ውስጥ ገባ" አለች ያኔት፣ ቀና ሳትል። "ቀስ በል።" እሱ በሸሚዙ እጅጌ ግንባሯን ጠረገላት።

እኔ ከቅርብ ሆኜ ፊቱን ሳየው ነበር፤ ለምን መጣሁ መሰላችሁ? አላለቀሰም። አልሳቀም። ያው ነው። ምግብ ሲቀርብ ጎኑ ተቀመጥኩና፣ "እስቲ ንገረኝ፣ ስትቀባት ምን ተሰማህ?" አልኩት።

አሰበበት። የምር አሰበበት። "ቅቤው ቀዝቃዛ ነበር" አለኝ።

ከዛ በላ። ሙሉዬ ሁለቴ ጨመረችለት፣ ሁለቴም ጨረሰ። ዲጄው ስፒከሩን ጆሯችን ላይ ለቆ፣ ሰው እስክስታ እየወረደ፣ እሱ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ አንቀላፋ። አፉ ተከፍቷል። ሙሽሮቹ ወደ ሰበታ ሊመለሱ ሲነሱ ኦቦ ሌንጂሳ ትከሻውን ሊነካው እጁን ዘረጋ።

"ተዉት" አለች ያኔት።

እግሩ መተላለፊያው ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እግሮቹን ይዛ ወደ ወንበሩ ሥር አስገባቻቸው፣ ሰው እንዳይረግጠው። ከዛ ሄደች።

ሲነቃ ወንበሮቹ እየተነሱ ነበር። ፊቱን በእጁ አሸ፣ ባዶውን ድንኳን አየ።

"የሰበታ ታክሲ ከየት ነው የሚያዘው?" አለ።

"ከአየር ጤና ነዋ" አለው ኡበይድ፣ የመኪናውን ቁልፍ እየፈለገ። "ምነው? ነገ እኮ ሥራ አለ። ኮንትራክተሩ ይመጣል።"

"ማክሰኞስ?"